የሚንቀጠቀጡ እጆችን ማን ይደግፋቸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ከራሴ በደል ነው። ስለ ሌላው ሕመም የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ በዚያ ሕመምተኛ ላይ ራሱ ያደረገውን መናገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በክብረ መንግሥት ያደግን ብዙ ልጆች ፊደል የቆጠርነው ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ቁጭ ብለን ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ከሰሜን ወደዚህ ወደ ጉጂ ምድር መጥተው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ዘርግተው፣ የብዙ ቤት ልጆችን ዳዊት አስደግመዋል። ማኅሌት ሲቆም ጸናጽላቸው ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይታወቅ ነበር። እጃቸው ከዜማው አይቀድምም፤ ከዜማውም አይዘገይም።

ገና ዲቁና በተቀበልሁበት ዓመት፣ በአንድ ዓመታዊ በዓል ሌሊት ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ዜማው ሳይነሣ ጸናጽላቸው በእጃቸው ላይ ብቻውን ይንሿሿ ጀመር። ዜማው ተነሥቶ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ጸጥ አለ፤ ባረፉ ጊዜ ደግሞ ተመለሰ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁት። እንደ ወትሮው ፈገግታ አልነበረበትም፤ ዓይናቸውም እምብዛም አይርገበገብም። ወደ መቅደሱ አንጻር ሲራመዱ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በትንንሽ ርምጃ እየተጣደፉ ነበር። እኔም ወደ ባልንጀራዬ ጆሮ ጠጋ ብዬ «የኔታ ዛሬ ቀምሰዋል» አልሁት።

ያቺ አንዲት ቃል ከቅኔ ማኅሌት ወደ ደጀ ሰላም፣ ከደጀ ሰላም ወደ ሰፈር ወጣች። «ጠጅ አብዝተዋል» ያለ አለ፤ «ምን ሠርተው ይሆን እጃቸው የታሰረው?» ያለ አለ፤ «መንፈስ ነው» ያለም አለ። እሳቸውን ቀርቦ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጥቂት ወራት ቆይተው የኔታ ከማኅሌት ቀሩ። ቀጥሎም ወንበራቸውን አጠፉ። ቤታቸውን ዘግተው ሲቀመጡ «አረጁ» ብለን አለፍነው።

ዔሊ በሐና ላይ የፈረደው ፍርድ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ መጀመሪያ ላይ የምናገኘውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐና በልቧ እየጸለየች ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ድምፅዋም ሳይሰማ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት (1ኛ ሳሙ. 1፥12-17)። ዔሊ የቤተ መቅደስ ሰው ነበር፤ ያየውም ነገር ሐሰት አልነበረም። ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቷል፤ ድምፅም አልሰማም። የሳተው ያየውን የተረጎመበት መንገድ ነው። እውነቱን ሲሰማ ግን ቃሉን መልሶ በሰላም እንድትሄድ መረቃት። እኔ ዔሊን በስሕተቱ መሰልሁት፤ በመመለሱ ለመምሰል ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ስመለስ አንድ ቀን እናቴ «የኔታን ሳትጠይቅ እንዳትሄድ» አለችኝ። ሄድሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ሆኗል። ያ በመላው ቅጽር ይሰማ የነበረ ድምፅ! ስመ ክርስትናዬን እንዲጽፉልኝ ደብተሬን ሰጠኋቸው። የመጀመሪያዋ ፊደል ደኅና ነበረች፤ የሚቀጥሉት ግን እያነሱ እያነሱ ሄደው የመጨረሻዋ እንደ ጉንዳን ሆነች። ልጅ ሳለሁ በብራና ላይ እንደ ተተከለ ምሰሶ የሚያቆሙት ቁም ጽሕፈታቸው ትዝ አለኝና ልቤ ደነገጠ።

በሰፈራችን የሚኖር አንድ ነርስ «ይህ እርጅና ብቻ አይመስለኝም፤ የነርቭ ሐኪም ይያቸው» ብሎ መከረን። ከመናኸሪያ በሌሊት ተነሥተን፣ የጉጂን ደጋ በጉም ውስጥ አቋርጠን ሐዋሳ ገባን። ሐኪሙ እጃቸውን አሳርፈው እንዲያስቀምጡ፣ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጥሙ፣ ከወንበር ተነሥተው እንዲራመዱ፣ ስማቸውንም እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ክንዳቸውን ይዞ አጠፈው፤ ዘረጋው። በመጨረሻም «አባቴ፣ ሕመምዎ ፓርኪንሰን ይባላል» አላቸው።

የኔታ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሹክ በሚል ድምፅ «ስም አለው እንዴ?» አሉ።

እኔም በዚያው ዕለት ማታ በማረፊያችን እግራቸው ላይ ወድቄ ያችን የማኅሌት ሌሊት ቃሌን ነገርኋቸው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ቆይተውም «እኔም ከአንተ አልሻልሁም። በራሴ ፈርጄ ነበር። በኃጢአቴ ምክንያት እጄ ለምስጋና እንዳይበቃ እግዚአብሔር ከለከለኝ ብዬ ነው የቀረሁት» አሉ። ያን ጊዜ የእኔ ቃል ወደየት እንደ ደረሰ ገባኝ። ሐሜታችን ወደ ገዛ ልባቸው ገብቶ በራሳቸው አንደበት ይከሳቸው ነበር። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን እንደ በደለ የጠየቁትን ደቀ መዛሙርት ጌታችን እንዴት እንዳረማቸው (ዮሐ. 9፥1-3) ለእኛ ለልጆቻቸው ያስተማሩን እሳቸው ነበሩ። በራሳቸው ላይ ሲደርስ ግን ይህን የሚያስታውሳቸው ሰው አልነበረም።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በአንጎላችን ጥልቅ ክፍል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሴሎች አሉ። ዶፓሚን የሰውነታችን እንቅስቃሴ የተቃና እንዲሆን መልእክት ያደርሳል። እነዚህ ሴሎች በዝግታ እየሞቱ ሲሄዱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ጡንቻ ይገትራል፤ ያረፈ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሚዛን ይጠፋል። የፊት ጡንቻም ስለሚገትር ሰውየው በልቡ እየሳቀ ፊቱ አይስቅም። ለዚህ ነው የኔታ «ኮሩ» ወይም «ተቆጡ» ይባሉ የነበረው።

ሕመሙ ከመንቀጥቀጡ በፊት ብዙ ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። የማሽተት ኃይል መድከም፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መጮኽና መራገጥ፣ ድብርት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። የኔታ ከዓመታት በፊት «ዛሬ ዕጣኑ ምነው መዓዛ አጣ?» ብለው እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ዕጣኑ ያው ነበር። በእንቅልፍ መጮኽና መራገጥ ሲታይ ደግሞ ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ ርኩስ መንፈስ እንሄዳለን። ቤተ ክርስቲያናችን ርኩሳን መናፍስት እንዳሉ ታስተምራለች። ነገር ግን ወንጌላዊው ማቴዎስ ወደ ጌታችን የመጡትን ሲዘረዝር በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙትን፣ አጋንንት ያደሩባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ እንደ ጠቀሰ ልብ በሉ (ማቴ. 4፥24)። እርሱ የለየውን እኛ ለምን እናደባልቃለን?

በተቃራኒውም የሚንቀጠቀጥ እጅ ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለም። የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በዘር የሚመጣ ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥም አሉ። ስለዚህ የሚለየው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ስድስት ሕመምተኞች ጽፏል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹን ያገኛቸው በለንደን መንገድ ላይ ነው። ይህን ሳነብ አፈርሁ። ሐኪሙ በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ ሰው አረማመድ አይቶ ለትውልድ የሚተርፍ ዕውቀት አተረፈ። እኔ ያስተማሩኝን አባት በቤተ መቅደስ አጠገባቸው ቆሜ አይቼ ሐሜት አተረፍሁ።

ሽበት ሲበዛ

ይህ የአንድ ሽማግሌ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጽፍላችሁ ነበር ወይ? እጽፍ ነበር። ነገር ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ቁጥሩም በ25 ዓመታት ውስጥ እጥፍ ሆኗል። ወጣቶችም ሊታመሙ ቢችሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ዕድሜ በረዘመ ቁጥር ሕሙማኑም ይበዛሉ።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990 የአንድ ሰው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ60 አልፏል። ይህ አምላካችንን የምናመሰግንበት ነገር ነው፤ አያቶቻችን ቆይተውልናል። ዛሬ ከመቶ ኢትዮጵያውያን አምስት ያህሉ 60 ዓመት የሞላቸው ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ከሕዝባችን ብዛት አንጻር ግን ከ5 ሚሊዮን በላይ አረጋውያን ማለት ነው። የነርቭ ሐኪሞቻችን ደግሞ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት በአዲስ አበባ ነው። ከክብረ መንግሥት፣ ከሻኪሶ፣ ከነገሌ ተነሥቶ እነርሱ ዘንድ ለመድረስ የመንገዱ ርዝመት፣ የመሳፈሪያው ዋጋ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣት ተደማምረው ብዙ አረጋውያንን ከቤት ያስቀራሉ። ልጆች ለትምህርትና ለእንጀራ ወደ ከተማ ስንሄድ ደግሞ የሚደግፈው እጅ አብሮን ይሄዳል። ይህን የምለው ከሄዱት አንዱ ሆኜ ነው።

ደስ የሚያሰኝም ነገር አለ። ወይዘሮ ክብራ ከበደ ሕመሙ በራሳቸው ላይ ሲደርስ አልተደበቁም፤ በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት መሥርተው ስለ ሕመሙ ማስተማር ጀመሩ። ታላቁ ቡጢኛ መሐመድ አሊም እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ችቦውን ሲለኩስ ዓለም ሁሉ አይቶታል። እኛ ያን ኦሊምፒክ በፋጡማ ሮባ የማራቶን ወርቅ እናስታውሰዋለን፤ ያን የሚንቀጠቀጥ እጅም አብረን ብናስታውሰው መልካም ነው። የዓለም የፓርኪንሰን ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 3 ቀን ይታሰባል።

ጠበልና መድኃኒት

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ በማስተዋል አንብቡት።

ለየኔታ የታዘዘው መድኃኒት ሌቮዶፓ ይባላል፤ ካርቢዶፓ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ፍሬ ተቀላቅሎ ይሰጣል። የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል እንጂ ሕመሙን ነቅሎ አያጠፋም። በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጣታቸው ቁልፍ መቆለፍ ቻለ፤ ድምፃቸውም ጥቂት ተመለሰ። ደስ አለን። ከዚያ ወደ ጠበል ገቡ፤ ይህም መልካም ነበር። ነገር ግን በዚያ ያገኙት አንድ ሰው «ጠበል እየጠጡ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» አላቸው። የኔታም ትሑት ሰው ናቸውና ኪኒኑን በአንድ ቀን አቆሙት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደረቀ፤ ምራቅ መዋጥ አቃታቸው፤ ትኩሳትም ጀመራቸው። በባጃጅ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ። ሐኪሙ እንደ ነገረን ይህን መድኃኒት ድንገት ማቋረጥ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ወገኖቼ፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ፣ ለሐኪምም ጥበብን የሰጠ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ የታመመ ሰውም እንዲጸልይና ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 በግልጽ ያስተምራል። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር (ቆላ. 4፥14)። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በተስፋፋበት ዘመንም በጠበል ስፍራዎች ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን አስተምረዋል። ጠበሉም መድኃኒቱም የአንዱ አምላክ ናቸው። «መድኃኒትህን ተው» የሚል ምክር ከአንደበታችሁ ከመውጣቱ በፊት የኔታን አስቡ።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልጨምር። ይህ መድኃኒት በሰዓቱ መወሰድ አለበት፤ ሽሮና ባቄላን የመሰለ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ አብሮ ሲበላ ኃይሉ ሊቀንስ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲወሰድ ይመከራል። በጾም ወራትና በሚቆርቡበት ቀን እንዴት እንደሚሆን በራሳችሁ አትወስኑ፤ አያቶቻችሁንም አታስጨንቁ። ሐኪሙንና ንስሓ አባታቸውን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፤ እናትም ለታመመ ልጅዋ የምታደርገውን ታውቃለች።

አሮንና ሆር

እስራኤል ከአማሌቅ ጋር በተዋጉበት ቀን የሙሴ እጆች ከበዱ። አሮንና ሆር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እጆቹን ደገፉ (ዘጸ. 17፥8-13)። ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል። በአንድ ነገር ግን አላስተዋልነውም ይመስለኛል። «የሙሴ እጅ ደክሟልና ሌላ ሰው ይተካ» ያለ የለም። የደከመው እጅ ራሱ ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ተደገፈ። እኛ ግን የኔታን ተካናቸው።

ባለፈው ዓመት በበዓል ዋዜማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘናቸው ሄድን። በሩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት ጋር የተጣበቀ ያህል ቆመ። ይህም የሕመሙ ጠባይ ነው፤ በበር መግቢያና በጠባብ ስፍራ እግር ድንገት አልንቀሳቀስ ይላል። አንዱ ወጣት ሊጎትታቸው እጁን ዘረጋ፤ ከለከልሁት፤ መጎተት ይጥላልና። ሐኪሙ የተመጠነ ምት እግርን እንደሚያነሣ ነግሮን ነበር። መቋሚያዬን በምድሩ ላይ በዝግታ መታሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። በሦስተኛው ምት ቀኝ እግራቸው ተነሣ፤ ደፉንም ተሻገሩ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምትህ ትንሽ ይቸኩላል» አሉኝ። መምህር ናቸውና።

እኛ ምን እናድርግ?

እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሆይ፣ የሚከተለው ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። ከማኅሌት ወይም ከቅዳሴ የቀሩ አረጋውያንን ስም ጻፉና ለምን እንደ ቀሩ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ። ሲናገሩ አታቋርጧቸው፤ ድምፃቸው ቢያንስ እናንተ ጠጋ በሉ። ፊታቸው ባይስቅ ልባቸው የሚስቅ መሆኑን እመኑ። በቤተ ክርስቲያን ለእነርሱ ወንበር አዘጋጁ፤ ሲራመዱ አታጣድፏቸው። ወደ ሐኪም የሚሄድ ሽማግሌ ካለ ከመካከላችሁ አንዱ አብሮት ይሳፈር። መድኃኒቱ በከተማችን ሲጠፋ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ያላችሁ ተማሪዎች ፈልጋችሁ ላኩ። ሰበካ ጉባኤውና የጽዋ ማኅበሩም የመሳፈሪያና የመድኃኒት መርጃ ቢያስቡበት ትልቅ ምጽዋት ነው። የሚያስታምሙትንም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናትና፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ተክታችሁ አሳርፏት፤ እርስዋም ቅዳሴ ናፍቋታል።

የኔታ አልዳኑም። መድኃኒቱ እንደ መጀመሪያው አይሠራላቸውም፤ በሁለት ፍሬዎች መካከል የሚደርቁበት ሰዓት እየረዘመ ነው። በጥዋቱ ደኅና ሰዓታቸው ግን ሦስት ሕፃናት ወደ ቤታቸው እየሄዱ ፊደል ይቆጥራሉ። ልጆቹ ድምፃቸውን ለመስማት እጅግ ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውንም ከመካከላቸው አንዷ ሳትጠየቅ ትይዝላቸዋለች። እኛ ከሐሜት በኋላ የተማርነውን እርስዋ ከፊደል ጋር ተማረችው።

ነቢዩ ዳዊት በሸመገለ ጊዜ፣ ጉልበቱም ባለቀ ጊዜ እግዚአብሔር እንዳይጥለው ለምኗል (መዝ. 70፥9)። ይህን መዝሙር ያስደገሙን አባቶችና እናቶች ዛሬ በየቤታቸው ይኸንኑ ይለምናሉ። ልመናቸው የሚመለስበት አንዱ መንገድ የእናንተ እጅ እንደ ሆነ አትርሱ።

አምላከ ቅዱሳን የደከሙትን ያበርታልን፤ ለእኛም የሚያስተውል ዓይንና የሚደግፍ እጅ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።